በጅማ መድኃኒት ቤቶች የተከፈቱበት ቦታ መድኃኒት የማግኘት ዕድላችንን ምን ያህል ይወስነዋል?

የጅረን ነዋሪ (ርዕሱን የከፈተ)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ይህን ርዕስ እንድከፍት ያነሣሣኝ ባለፈው ወር በቤቴ የደረሰ ነገር ነው። የሰባት ዓመት ልጄ አስም አለባት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ትንፋሽ አጥሯት ነቃች፤ በአፍ የምትስበው የሳልቡታሞል ፓፏ ማለቁንም ያወቅነው በዚያው ሰዓት ነበር። በሰፈራችን ያለው የመድኃኒት መደብር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ባጃጅ በዚያ ሰዓት ስለማይገኝ የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ በሞተር ብስክሌቱ ወደ ታች ወረድን። ክፍት መድኃኒት ቤት ያገኘነው ሆስፒታሉ በር አካባቢ ስንደርስ ብቻ ነው። ልጄ ደኅና ናት፣ ተመስገን። ይሁን እንጂ በዚያ ሌሊት ያየሁት ከዓይኔ ሊጠፋ አልቻለም፤ በአንድ ቦታ መድኃኒት ቤቶች ጎን ለጎን መብራታቸውን አብርተው ተቀምጠዋል፣ እኛ ያቋረጥነው መንገድ ግን በሙሉ ጨለማ ነበር።

ስለ መድኃኒት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የውጭ ምንዛሪ እጥረትን፣ የዋጋ ንረትንና የአቅርቦት መቋረጥን ነው። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ነገር ግን መድኃኒቱ በከተማው ውስጥ እያለ፣ ገንዘቡም በኪሳችን እያለ፣ የተቀመጠበት ቦታና የሚሸጥበት ሰዓት ብቻውን ሰውን ሊከለክል እንደሚችል በዚያ ሌሊት ተረዳሁ። መድኃኒት ቤቶቻችን በሆስፒታሉ ዙሪያና በመርካቶ በኩል ተሰብስበዋል፤ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲሄዱ እየሳሱ ይሄዳሉ። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካል አንድ መድኃኒት ቤት ከመከፈቱ በፊት በአካባቢው ስንት እንዳሉ፣ በየትኛው ሰፈርስ አንድም እንደሌለ ማየት የለበትም ትላላችሁ? በተለይ በሙያው ውስጥ ያላችሁ ሐሳባችሁን ብትሰጡን አመሰግናለሁ።

ፋርማሲስት፣ ከሆስፒታሉ በር

ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ያነሡት ጥያቄ የሚመለከተው በቀጥታ እኔንና የሥራ ባልደረቦቼን ስለሆነ በዝርዝር ለመመለስ እሞክራለሁ።

እኔ መጀመሪያ የከፈትኩት እዚህ አልነበረም። በከተማው ዳር፣ ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር ነበር፤ ምክንያቴም እርስዎ አሁን የሚሉት ነበር። ሁለት ዓመት ሠራሁ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው የሚጠይቀው የራስ ምታት መድኃኒት፣ የጨጓራ ማስታገሻና የልጅ ሽሮፕ ነበር። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን የሚገዛው በታዘዘበት ቀን፣ ከሆስፒታሉ በር ሳይርቅ ነው። በመሆኑም ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለሚጥል በሽታ ብዬ ያስገባሁት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ጊዜው አለፈበት። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንደ ሌላ ሸቀጥ በቅናሽ አይሸጥም፤ አውጥተው የሚጥሉትም አይደለም። ተለይቶና ተመዝግቦ፣ የሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል እያወቀው ነው የሚወገደው። በየዓመቱ ኪሣራውን ቆጥሬ በመጨረሻ ወደዚህ ተዛወርኩ።

በሌላ በኩል አንድ ቦታ መሰብሰባችን ለታካሚው ጥቅም እንዳለውም መታየት አለበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል 15 ሚሊዮን ገደማ ለሚሆን የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ የሪፈራል አገልግሎት ይሰጣል። ከቦንጋ ወይም ከመቱ የመጣ አስታማሚ ማዘዣ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ እኔ ጋ ያጣውን መድኃኒት ሦስት በር አልፎ ያገኘዋል፤ ዋጋም ያነጻጽራል። በየሰፈሩ ተበታትነን ቢሆን ኖሮ፣ ከተማውን የማያውቅ ሰው የሰዓታት ባጃጅ ይከፍል ነበር። ስለዚህ የእኛ አቀማመጥ ለሩቅ እንግዳ የተመቸ፣ ለከተማው ነዋሪ ግን የማይመች ሆኗል ቢባል ይቀርባል።

የሰርቦ ነርስ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ልጅህ አንድ ነገር ልናገር፣ ሌሎች ወላጆችም ያነቡታልና። ልጅ ትንፋሽ አጥሮት መናገር ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ሲተነፍስ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ መድኃኒት ቤት ፍለጋ መዞር አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ኦክስጅን ያለው እዚያ ነው። ፓፉን በተመለከተ አንዱ ሲጋመስ ሌላ ገዝቶ ማስቀመጥ ይመከራል፤ ከመድኃኒት ቤት ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ እንደ ትርፍ ወጪ መታየት የለበትም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የምሠራው ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። በከተማ ያላችሁ ርቀትን በባጃጅ ዋጋ ትለካላችሁ። እኛ ዘንድ ርቀት የሚለካው በገበያ ቀን ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ወደ ጅማ የሚወጡት ለሐሙስ ገበያ ነው። እኛ ዘንድ የጠፋ መድኃኒት ዓርብ ዕለት ከታዘዘላቸው የሚገዙት በሚቀጥለው ሐሙስ ነው፤ በመካከል ስድስት ቀን አለ። በእነዚህ ስድስት ቀናት የቀረችውን እንክብል ለሁለት ከፍለው የሚውጡ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ የሚወስዱ፣ ከጎረቤት የሚበደሩ አሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሕመሙ ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ሊነሣበት ይችላል። አንዲት ልጅ በዚሁ ምክንያት ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ ተቃጥሎ መጥታልኛለች። ማዘዣውን ቦርሳዋ ውስጥ አጣጥፋ ይዛው ነበር፤ ቀኑ ረቡዕ ነበር።

በልጅነታቸው የሩማቲክ የልብ ሕመም የያዛቸው ደግሞ አሉ። በየ28 ቀኑ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለባቸው። መርፌው ከእኛ ሲጠፋ ታካሚው ጅማ ወርዶ ገዝቶ፣ ለመወጋት ተመልሶ እኛ ዘንድ ይመጣል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከተመላለሰ በሦስተኛው ይቀራል። ቀሩ ብዬ ልወቅሳቸው አልችልም።

የጤና መድን ጉዳይም ከቦታ ጋር የተሳሰረ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ዋናው ሐሳብ ሰው ሲታመም ከኪሱ እንዳያወጣ ነበር። ካርዱ የሚሠራው ግን ውል በተገባበት ተቋም ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ጤና ተቋም ነው። መድኃኒቱ እዚያ ጠፍቶ «ከውጭ ይገዛ» ሲባል፣ መዋጮውን በወቅቱ የከፈለው አርሶ አደር የመድኃኒቱንም የመንገዱንም ዋጋ እንደገና ከኪሱ ያወጣል።

የዴዶ ቡና አምራች

የነርሷን ጽሑፍ ልጄ አነበበልኝ፤ እኔ የምለውን ደግሞ እሱ ይጽፍልኛል። የደም ግፊት እንዳለብኝ ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አምሎዲፒንና ኤናላፕሪል እወስዳለሁ። የመድኃኒቱ ዋጋ ተወደደ ቢባልም ከእሱ ይልቅ የሚከብደኝ መንገዱ ነው። ለመሄጃና ለመመለሻ እከፍላለሁ፣ ምሳ እበላለሁ፣ የቀን ሥራዬም ይቀራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም አንድ ቀን መቅረት ማለት የበሰለው ፍሬ መሬት ላይ ይረግፋል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጭቃው መኪናውን ስለሚያቆመው ከዋናው መንገድ እስከ ቤቴ በእግር ነው።

አምና ክረምት መድኃኒቴ አልቆ ሁለት ሳምንት ያለ መድኃኒት ቆየሁ። ምንም አላመመኝም፤ ስለዚህም ተሻለኝ ብዬ ነበር። በኋላ ስለካ ግፊቴ ከመጠን በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ተቆጣኝ፤ ልክ ነበር። እኔ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው። ለምን የአንድ ወር ብቻ ይሰጠኛል? ሕመሜ አይለወጥ፣ መድኃኒቴ አይለወጥ። የሦስት ወር ቢሰጠኝ ክረምቱን በቤቴ እወጣው ነበር።

የፋርማሲ ተማሪ

አባባ፣ ያነሡት ነጥብ ከሁላችንም በላይ ወደ መፍትሔው የቀረበ ይመስለኛል። እስካሁን የተነጋገርነው መድኃኒት ቤቱን ወደ ሰው ስለማቅረብ ነው። እርስዎ ያመለከቱን መንገድ ሰውየው የሚመላለስበትን ቁጥር መቀነስ ነው፤ ይህም በአገራችን የተሞከረ ነገር ነው። ሕክምናቸው የተረጋጋ የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎች ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒታቸውን ለስድስት ወር በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር ተዘርግቷል። ርቀቱ አልተለወጠም፤ በዓመት 12 ጊዜ ይኬድ የነበረው መንገድ ግን ወደ ሁለት ይወርዳል።

ለደም ግፊትና ለስኳር ይህን ማድረግ የሚከብድበት ምክንያትም መነገር አለበት። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፣ አቅርቦቱም ለብቻው የሚመራ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚሸጠው ግን በተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው፤ ተቋሙ ሸጦ መልሶ ይገዛል። ክምችቱ አነስተኛ በሆነበት ለአንዱ የሦስት ወር መስጠት ለሁለቱ መከልከል ይሆናል። ታካሚውም የሦስት ወሩን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል አለበት። አባባ በታኅሣሥ ቡናቸውን ሸጠው ሊከፍሉ ይችላሉ፤ በነሐሴስ?

ሌላም ልጨምር። ሕጋዊ መድኃኒት ቤት በሌለበት ቦታው ባዶ አይቀርም። ኪዮስኩና የገበያ ነጋዴው ይሞሉታል። ያለ ማዘዣ ሊሸጥ የማይገባው አንቲባዮቲክ በፍሬ ተቆጥሮ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስሙም ሆነ የሚያበቃበት ቀን ሳይጻፍበት ይሸጣል። የአምስት ወይም የሰባት ቀን መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አራት ፍሬ ገዝቶ ይሄዳል። መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች የሚበዙት በዚህ መንገድ ጭምር ነው።

የከተማ ፕላን ባለሙያ

የፋርማሲስቷን ችግር እረዳለሁ፤ ነገር ግን ቦታውን ሙሉ በሙሉ ለገበያ መተው ውጤቱ ምን እንደሆነ ከሌሎች አገሮች መማር እንችላለን። በስፔን እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሕግ መሠረት በአጠቃላይ አንድ ፋርማሲ ለ2,800 ነዋሪዎች እንዲሆን፣ በሁለት ፋርማሲዎች መካከልም 250 ሜትር ርቀት እንዲኖር ይጠበቃል። በአንጻሩ በስዊድን እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ የመድኃኒት ችርቻሮ በመንግሥት እጅ ብቻ ነበር። ለግሉ ዘርፍ ሲከፈት የፋርማሲዎቹ ቁጥር በፍጥነት ጨመረ፤ አዲሶቹ ግን በአብዛኛው የተከፈቱት ቀድሞም ፋርማሲ በነበረባቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ በከተማችን የመድኃኒት ቤት ቁጥር አደገ የሚል ሪፖርት ሲቀርብልን የት የት እንደተከፈቱ መጠየቅ አለብን።

ርቀት ስንልም በካርታ ላይ የሚሰመረው ቀጥተኛ መስመር ሊያሳስተን አይገባም። በአዌቱ ወንዝ ማዶና ማዶ ያሉ ሁለት ቤቶች በካርታው ጎረቤት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ድልድዩ ያለው ግን ታች ነው። ከኮረብታ ወርዶ መድኃኒት ገዝቶ ዳገቱን የሚመለስ የ70 ዓመት ሽማግሌ ርቀት ከወጣቱ ርቀት ጋር አንድ አይደለም።

ፋርማሲስት፣ ከሆስፒታሉ በር

በስፔን ያለው ሕግ የሚሠራው ከጀርባው ሌላ ነገር ስላለ ነው። እዚያ በማዘዣ የሚወጣውን መድኃኒት ዋጋ በአብዛኛው የሚሸፍነው የመንግሥት ጤና ሥርዓት ነው፤ በዳር ያለው ፋርማሲስት አነስተኛ ሕዝብ ቢኖረውም የተረጋገጠ ገቢ አለው። እኛ ዘንድ የሚከፍለው ታካሚው ነው፣ በጥሬ ገንዘብ። የርቀት ደንቡ ብቻውን ቢመጣ አዲሱ ተመራቂ ዳር ሄዶ ከመክሰር ጨርሶ ባይከፍት ይመርጣል።

አቅርቦቱንም አስቡት። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በጅማ ቅርንጫፍ አለው፤ በዋናነት የሚያቀርበው ግን ለመንግሥት ጤና ተቋማት ነው። እኛ የምንገዛው ከጅምላ አከፋፋዮች ነው፤ ብዙዎቹም ያሉት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ነው። ጥቂት ካርቶን ብቻ የሚያዝዝ ትንሽ የሰፈር መደብር የሚያወጣው የመጓጓዣ ወጪ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ሲከፋፈል ከእኔ ይበልጣል። ስለዚህ ዳር ያለው ድሀ ቅርብ መደብር ቢያገኝ እንኳ በውድ ሊገዛ ይችላል። እኔ ብጠየቅ ግዴታውን ከማበረታቻ ጋር አድርጉት እላለሁ፤ መድኃኒት ቤት በሌለበት ቀበሌ ለሚከፍት ሰው የቤት ኪራይ ማገዝ፣ የመድን ካርድም በእሱ ዘንድ እንዲሠራ ውል መግባት ይቻላል። የኪራዩ እንኳ ይቅር፣ ውሉ ብቻ ቢሆን እኔ ራሴ ነገ ወደ ቀድሞው ሰፈሬ እመለሳለሁ።

እናቴን የማስታምም

ውይይታችሁን ከሰቃ ሆኜ እየተከታተልኩ ነው። እናቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንዳንድ የመድኃኒት መደብሮች ፍሪጅ ስለሌላቸው ወይም መብራት ስለሚጠፋባቸው ኢንሱሊን አይዙም። ስለዚህ ሌላው መድኃኒት ቅርባችን ቢገኝም ለኢንሱሊን የግድ ጅማ ነው። ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ቤታችንም ፍሪጅ የለም። ምን ማድረግ አለብኝ?

ፋርማሲስት፣ ከሆስፒታሉ በር

እህቴ፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። መጠቀም የተጀመረው ብልቃጥ ግን ከፀሐይና ከእሳት ርቆ በመጠነኛ የቤት ሙቀት 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በሚገዙት ዓይነት ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቀን ያረጋግጡ። ስለዚህ ፍሪጅ ከሌለ ብዙ ብልቃጥ አያከማቹ። ለቤት የሸክላ ዘዴ ይጠቅማል፤ ትንሹን ገንቦ በትልቁ ውስጥ አስቀምጠው በመካከላቸው አሸዋ ይሙሉ፣ አሸዋውን በየቀኑ ውኃ ያጠጡት፣ ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ዕቃ ከትተው በትንሹ ገንቦ ውስጥ ያኑሩ፣ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። ለመንገድ በረዶ ከተጠቀሙ ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ አንዴ በረዶ ሆኖ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም። ሲገዙም ሚኒባሱ ሊወጣ ሲል የመጨረሻ ጉዳይዎ ያድርጉት።

የጅረን ነዋሪ (ርዕሱን የከፈተ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ርዕሱን ስከፍት ፈቃድ ሰጪው አካል በግዴታ ቢበትናቸው ችግሩ ይፈታል የሚል እምነት ነበረኝ። አሁን ግን የሦስት የተለያዩ ሰዎች ችግር እንዳለ ይታየኛል። አባባ የሚያስፈልጋቸው የሦስት ወር መድኃኒት ነው፣ በሚከፍሉት ልክ ወይም በመድን ካርዳቸው። የነርሷ ታካሚዎች የሚያስፈልጋቸው ጤና ጣቢያው ራሱ መድኃኒት እንዳያጣ ነው፤ እዚያ ሙሉ ከሆነ የእኛ ከተማ አቀማመጥ አያሳስባቸውም። እኔን የሚመለከተው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። ለሱ በየአቅጣጫው አንድ ተረኛ መድኃኒት ቤት ሌሊት እንዲከፍት፣ የተቀሩት ደግሞ ሲዘጉ በራቸው ላይ የተረኛውን ቦታ ጽፈው እንዲለጥፉ ማድረግ አይቻልም?

ፋርማሲስት፣ ከሆስፒታሉ በር

ይቻላል፣ ከባድ ነገር ግን አለው። ሌሊት ብቻዋን የምትሠራ ሴት ባለሙያ ጥበቃ ያስፈልጋታል፤ መንገዱም መብራት ያስፈልገዋል። ከእኔ አጠገብ ያሉት ሌሊት የሚከፍቱት የሆስፒታሉ ጥበቃና የሰው እንቅስቃሴ ስላለ ነው። ማስታወቂያውን መለጠፍ ግን ወጪ የለውም። በዚህ ሳምንት ከማውቃቸው የዳር መደብር ባለቤቶች ጋር እነጋገራለሁ፤ ቢያንስ ሌሊት የት ክፍት እንደሆነ በራቸው ላይ ይጻፍ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም።

የሰርቦ ነርስ

እኔም ከዛሬ ጀምሮ «ከውጭ ይገዛ» ብለን የምንልካቸውን መድኃኒቶች ስምና ታካሚው የመጣበትን ቀበሌ በደብተር መመዝገብ ጀምሬያለሁ። በወሩ መጨረሻ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አቀርበዋለሁ። የዴዶው አባባ፣ የእርስዎም ጤና ጣቢያ እንዲህ እንዲያደርግ ይጠይቁ፤ መድኃኒትዎ እንዳያልቅም አሁኑኑ ፍሬውን ይቁጠሩ።

የዴዶ ቡና አምራች

ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ፍሬ ቀርቶኛል። ሐሙስ እወርዳለሁ፤ ሐኪሙንም የሦስት ወር እንዲያዝልኝ እጠይቀዋለሁ።

ፋርማሲስት፣ ከሆስፒታሉ በር

አባባ፣ ከታዘዘልዎ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ ይምጡ። የሁለቱንም መድኃኒት የሦስት ወር መጠን እስከ ሐሙስ ለይቼ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ክፍያውን በሁለት ጊዜ ማድረግ ይችላሉ።

የዴዶ ቡና አምራች

እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ከገበያው በፊት፣ ጠዋት እመጣለሁ።